ቆብ ያለው ድስት

የዜግነት ትምህርት መምህርት ነኝ። ሰባተኛ ክፍል፣ ስድሳ ተማሪ፣ አርባ ደቂቃ። «የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በዓመት ስንት ጊዜ በጠመኔ እንደምጽፍ አትጠይቁኝ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ጉድ ናት?» ማለታችሁ ስለማይቀር፣ እኔው ራሴ ልቅደማችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ውስጥ ባለች አንዲት የሞሮኮ ምግብ ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ ከዚያም ወዲህ እየኖርኩ ነው፤ ዕድሜዬን ለሁለት ክፈዪ ብባል ግን የምከፍለው እዚያች ምሳ ላይ ነው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አልታዬ ትባላለች። ተወልጄ ያደግሁት ከጨንቻ በላይ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቤት አልወጣ እያለ የሚያስቸግርበት ደጋ ነው። አባቴ የሞተው በልጅነቴ ስለሆነ እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ የእናቴ ጭቃ ነው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ከአራሽ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። ድስቷን ይገዟታል፣ በድስቷ ያበስላሉ፣ ከድስቷ ይበላሉ፤ እሷን ግን ከደጃፍ አያሳልፏትም። ምግብ ቢሰጧት እንኳ በቅጠል ነው፤ ሰሃን ከሆነ ይመለሳላ! ቅጠል ይጣላል።

ዛሬ ይህ ነገር በሕግም በቤተ ክርስቲያንም የተወገዘ ነው። ከተማ ውስጥ አፉን ሞልቶ የሚናገረውም የለም። ጋብቻ ሲነሳ ግን ዘር ማንዘር መቆጠር ይጀምራል፣ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል።

እኔ ደግሞ ተበደልኩ ብዬ የምጮህ ሰው አልነበርኩም። የምደበቅ ሰው ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከጎጃምና ከወለጋ የመጡት የዶርም ጓደኞቼ ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አልነበረም፤ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ትነግዳለች» ማለት ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ደግሞም እውነት ነው፣ ትነግዳለች። ምን እንደምትነግድ አለመናገር ውሸት አይባልም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ተመርቄ እዚሁ አርባ ምንጭ ስመደብ፣ ከእናቴ ቤት በመኪና ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ በዓል ለበዓል ብቻ ብቅ የምል ልጅ ሆንኩ።

ከዚያ ብሩክ መጣ። ብሩክ የመሬት ቀያሽ ነው፤ አባቱ ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ከደጋ ወርደው ላንቴ በሚባለው ቆላ ሙዝ ተክለው የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ለብሩክ እውነቱን ነግሬዋለሁ። «ለኔ ምንም ማለት አይደለም» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። ቀጥሎ ግን ራሱን አከከና «አባዬ ግን ... ሽምግልናው እስኪያልፍ ድረስ ዝም ብንልስ?» አለ። እኔም ይህችን ነበር የምፈልገው። ተቀምጠን እንደ ጥናት ወረቀት ተነጋግረን፣ እናቴ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ትኖራለች ብለን ወሰንን። ወንድም የለኝም።

አሁን ወደ ምግብ ቤቷ ልግባ። ባለቤቷ ዛህራ ትባላለች። ባሏ የዚሁ የአርባ ምንጭ ልጅ፣ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ለትምህርት ሞሮኮ ሄዶ እሷን ይዞ ተመለሰ። ሴቻ ላይ፣ ከበረንዳው ሲቆሙ ታች ጫካውና ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት ቤት ተከራዩና ሳሎኑን ምግብ ቤት አደረገችው። አጫጭር ክብ ጠረጴዛዎች አራት፣ ዙሪያውን ትራስ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍና ከሥሩ አግዳሚ ወንበር። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ እንደማይበላ ባሏ ሲነግራት «እንግዲያው ዓሣ!» አለች ይባላል። ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም። እናም ቤቷ ውስጥ ዓሣና አትክልት እንጂ ሥጋ አይገባም። ሼኩም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም እዚያ ቤት ሲበሉ አይቻለሁ። አራት ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል መሥራቷ ይገርመኝ ነበር።

አማርኛዋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የተማረችው ባሏ ሲያናግራት እየሰማች፣ እሷም መልሳ እያናገረችው ነው፤ የትኛው ለማን እንደሆነ ግን ተገላብጦባታል። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቱን «አንተ» ትላለች። ማንም አያርማትም፤ እንዲያውም ደንበኛ የምታበዛው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ጋሽ አንጁሎ ዓሣ ይወዳሉ። ብሩክ «እዚያ እንጋብዛቸውና እንደ ሰው ተያዩ» አለ። እኔም ምን እንደምለብስ አንድ ሳምንት አሰብኩ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ በባጃጅ መጡ። ኮት ለብሰዋል፣ በዚያ ሙቀት! ከኋላቸው ባጃጅ ነጂውን ትከሻ የሚያጎብጥ የሙዝ ዘለላ አስይዘዋል። «ባዶ እጄን ሰው ቤት አልገባም» ብለው ለዛህራ ሰጧት። ዛህራ ሙዙን አቅፋ ሳቀችና «ግቢ አባባ፣ ቁጭ በይ፣ ጫማሽን አውልቂ!» አለቻቸው።

ጋሽ አንጁሎ ዞር ብለው ብሩክን አዩት። ብሩክ ጣሪያውን ያያል። እኔ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ከዚያ ሽማግሌው እንዲህ ብለው ሲስቁ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፦

«ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንቺ የሚለኝ ሰው ዛሬ አገኘሁ!»

ወደድኳቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጨካኝ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። ጨዋታ አዋቂ፣ ሆደ ሰፊ፣ እኔን ገና ከደጅ «ልጄ» ብለው የጠሩኝ ሰው ናቸው። አባት ሳይኖራት ላደገች ልጅ «ልጄ» የምትለው ቃል ምን እንደምታደርግ ታውቁታላችሁ።

ዛህራ እጃችንን አስታጠበችን። ደበርጃን ተጠብሶ ከቲማቲምና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተለወሰ፣ ካሮት በከሙን፣ ወፍራም ክብ ዳቦ አቀረበችልን። ማንኪያ የለም፤ በዳቦ እየቆረሱ መጥለቅ ነው። ጋሽ አንጁሎ ገና በሁለተኛው ጉርሻ «ይቺ ሴትዮ ባለሙያ ናት» አሉ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አንድ ነገር ሲፈተግ ይሰማል፤ ሻ፣ ሻ፣ ሻ እያለ። ዕቃ የምታጥብ ሠራተኛ ናት ብዬ አለፍኩት።

«በይ እስቲ ልጄ» አሉኝ፣ ዳቧቸውን እየቆረሱ። «እኔ ነገር ማዞር አልወድም። ሽማግሌ ልልክ ነው። ግን ወዴት ልላክ? እናትሽ አዲስ አበባ ናቸው ይለኛል ይሄ ልጅ።»

«አዎ ጋሼ፣ ወንድሜ ጋ ናት።»

«ለጥቂት ቀን ቢመጡስ? ላንቴ ቤት አለ። እኔው አሳድራቸዋለሁ።»

«እግሯን ያማታል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «መንገድ አትችልም።»

«አይ፣ እግዜር ይማራቸው» አሉ ከልባቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ፍትጊያ ቆመ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ዛሬ ግን ያ ድምፅ የቆመበትን ቅጽበት በእጄ የያዝኩት ያህል አውቀዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ዛህራ ዋናውን ምግብ ይዛ ወጣች። ታጂን ይሉታል። ዝርግ የሸክላ ድስት ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ሾጣጣ የሣር ቤት ጣሪያ ያለ ረጅም ክዳን ተደፍቶበታል። ከክዳኑ ሥር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። መሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አዲስ ድስት ነው!» አለች ደስ ብሏት። «የመጀመሪያ ቀን!»

ድስቱን አየሁት። ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ በጥፍር የተጫኑ ሦስት ትንንሽ ጨረቃዎች አሉ።

እናቴ ሠርታ የጨረሰችውን ዕቃ ሁሉ በትንሿ ጣቷ ጥፍር ሦስት ጊዜ ትጫነዋለች። ልጅ ሆኜ «ለምንድን ነው?» ስላት «አንዱ ለኔ፣ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሚበላበት» ብላኛለች። ከወራት በፊት ደግሞ በስልክ «አንዲት ፈረንጅ ሴት ቆብ ያለው ድስት አዘዘችኝ። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስቴም እሳት ላይ ተሰነጠቀብኝ፤ አሁን ግን ገባኝ» ስትለኝ፣ እኔ ፈተና እያረምኩ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ዘግቼባታለሁ።

ላብ በላብ ሆንኩ። ብሩክ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። እጄ ግን ቀድሞ ወደ ክዳኑ ሄደ፤ ቶሎ ተከፍቶ፣ ቶሎ ተበልቶ፣ ቶሎ እንድንወጣ።

«ቆይ! አትክፈት!» ብላ ዛህራ እጄን ያዘችው። «በእኔ አገር፣ በእናቴ ቤት፣ አዲስ ድስት ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍተው የሠራው እጅ ነው። መጀመሪያ የሚቀምሰውም እሱ ነው። ከዚያ እኛ። እናቴ እንዲህ ካልሆነ ድስቱ ይቀየማል ትል ነበር።» ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞራ ተጣራች፦ «አልታዬ! ና! ና ቁጭ በል፣ ክፈት!»

ዛህራ ገብታ እጇን ይዛ አወጣቻት።

እናቴ ናት። ያችው አሮጌ አረንጓዴ ሹራብ፣ ያው ጭቃ የበላው ቀሚስ፣ ባዶ እግሯ በመንገዱ አቧራ ነጥቷል። ስድስት ድስት በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ መኪና እስከምታገኝበት ድረስ ያን ቁልቁለት ወርዳለች። እግሯን የሚያማት እናቴ።

ዓይኗ በእኔ ላይ አልፎ ሄደ። አላቆመም። ብሩክን እንዳየችው፣ ጋሽ አንጁሎን እንዳየቻቸው፣ ትራሱን እንዳየችው፣ እኔንም እንደዚያው አይታ አለፈችኝ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ለሁላችንም። «ይብሉ። እኔ በልቻለሁ።»

ሰማችኝ ማለት ነው። ሁሉን ሰምታለች። ወንድም ፈጥሬ አዲስ አበባ እንደሰደድኳት፣ ጤነኛ እግሯን እንዳሳመምኳት ሰምታ፣ መጋረጃው ጀርባ ቆማ አስባ፣ ውሸቴን ላታፈርስብኝ ወስና ወጣች። ይህን ስረዳ ልቤ ስንጥቅ አለ። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ጋሽ አንጁሎ ሴትየዋን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ድስቱን አዩ። የደጋ ሰው ናቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ዳቦ የያዘ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ብቻ ትከሻቸው ጠበብ አለ።

እናቴም ይህን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ነገር ስለሆነ አልደነቃትም። ድስቶቿን ከጠቀለለችበት አንድ የእንሰት ቅጠል ቀደደች፣ ሄዳ ደጃፉ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ ቅጠሉን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ለዛህራ «እዚህ ላይ ትንሽ ጣል አድርጊልኝ፤ እቀምሳለሁ» አለቻት።

ዛህራ ግራ ገባት። አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኛን ታያለች። «ምንድን ነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም ልጄ» አሏት ጋሽ አንጁሎ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «የአገራችን ልማድ ነው። ለእሷ በእሷ፣ ለእኛ በእኛ አድርጊልን። እሷም ታውቀዋለች፤ አትቀየምም።»

ዛህራ ቆማ አሰበች። ያልገባት ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ከዚያ «እኔ ሁለት ድስት አልሠራሁም» አለች። «አንድ ነው። ምግቡ አንድ ነው።» ጎንበስ ብላ ታጂኑን ከነክዳኑ በሁለት እጇ በጨርቅ አነሳች፣ ተሸክማው ሄደች፣ ደጃፉ ላይ እናቴ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠችውና እሷም አጠገቧ ቁጭ አለች። «የሚበላ ሰው እዚህ ይመጣል።»

እኛ ባዶ ጠረጴዛ ዙሪያ ቀረን። ዳቦና የደበርጃን ቅሪት ብቻ። እናቴ ክዳኑን አላነሳችም፤ ፊቷን ወደ ግቢው መልሳ ማንጎውን ታያለች። እኔ ተነስቼ እንድመጣ እየጠበቀች አልነበረም። ይልቅ እንዳልመጣ እየለመነችኝ ነበር፤ ጀርባዋን አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ዝም ብል ምሳው ያልፋል፣ ሽማግሌው ይላካል፣ ሠርጉ ይደርሳል፣ እናቴም ይቅር ትለኛለች። በሠርጌ ቀንስ? ያኔም ደጃፍ ላይ ቅጠል ዘርግታ ትቀመጣለች? ልጄን ስወልድስ፣ ልጄ ከየትኛው ወገን ይበላል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ጉርሻ ለመዋጥ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ እግሬ ተነሳ። አእምሮዬ ገና እያሰላ ነበር፤ እግሬ ግን ቀደመው።

ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ ቀሚሴ አቧራ በአቧራ ሆነ።

«እማዬ» አልኳት ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ክፈቺው፤ ራበኝ።»

እሷ ግን ወደ እኔ ሳትዞር በጋሞኛ፣ በጥርሶቿ መሃል፣ «ተመለሺ አንቺ ሞኝ» አለችኝ። «ቤትሽን በገዛ እጅሽ ታፈርሻለሽ? ተነሽ!»

«አልነሳም።»

ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሞልቷል፤ አፏ ግን እናቴ ናትና ዝም አላለም። «እግሬን እያመመኝ» አለችኝ በጋሞኛ፣ «አዲስ አበባ ድረስ ምን ልሠራ ሄድኩ?»

ማልቀስና መሳቅ አብረው ሲመጡ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ? እንደዚያ ሆንኩ።

ጋሽ አንጁሎ ቆመዋል። «ልጄ ... እናትሽ ናት?»

«አዎ ጋሼ። እናቴ ናት፤ አልታዬ ትባላለች። ወንድም የለኝም። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ውሸቱ ነው ይቅርታ የምልዎት፤ ስለ እሷ አይደለም።»

«ብሩክ! አንተ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አባዬ። መዋሸቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ብሩክ። ከዚያ ረጅም ቁመቱን አጣጥፎ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ጉልበቱ ታጂኑን ሊደፋው ለጥቂት! ዛህራ ጮኸችበት፤ «አንቺ! ተጠንቀቂ!»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ አንጁሎ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም፤ ለጣሪያው ይመስላል። «ግን አባቴ አላደረገውም፣ የአባቴም አባት። አእምሮዬ እሺ ቢለኝ እጄ እንቢ ይለኛል።»

«ይሂዱ ጋሼ» አለቻቸው እናቴ በቀስታ። «ሰው በግድ አይበላም።» መውጫው ላይ ነበርን፤ እንዲያልፉ ጉልበቷን ሰብሰብ አደረገችላቸው። ጫማቸውን አጠለቁ፣ እኛን በጎን አልፈው ወጡ። ሽምግልናዬም አብሯቸው ከበሩ ወጣ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ክዳኑን አነሳች። በጨው ተቀምጦ በከረመ ሎሚ የበሰለ ዓሣ፣ ድንች፣ የወይራ ፍሬ፣ ቢጫ መረቅ። እሷ ቀድማ ቀመሰች፤ አኘከች፣ አሰበች፣ «ድስቱ እሳቱን አልሰረቀም፤ እኩል አብስሎታል፤ ጥሩ ነው» አለች። የበሰለውን ሳይሆን ድስቷን ነበር የቀመሰችው! ከዚያ ሁላችንም ገባንበት። እያለቀስኩ በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ለዛህራም ነገሩን በአጭሩ አስረዳኋት። አዳመጠችኝና «በእኔ ቤት የለም» ብቻ አለች። አራት ቃል እንኳ አልፈጀባትም። እኔ በጠመኔ ስንት ዓመት የጻፍኩትን!

በእሷ አገር መሃል ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ቁራጭ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁሉም ከፊት ከፊቱ እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። መሃል ስንደርስ ብሩክ እጁን ዘረጋ። እናቴ መዳፉን ቸብ አደረገችው።

«ይሄ የአባትህ ድርሻ ነው።»

«ሄደዋል እኮ፣ እማማ።»

«የት ሄዱ? ወዲያ እይ።»

አየን። ጋሽ አንጁሎ ማንጎው ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ባጃጅ በሩ ጋ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ፤ በእጃቸው ሂድ አሉት። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ነበሩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግቢው አድርጋ የተቀመጠችው ለካ ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው አንስቶ እያየቻቸው ነበር።

ዛህራ ታጂኑን አነሳች፣ አንድ ዳቦ ጨመረችበት፣ ግቢውን አቋርጣ ሄዳ አግዳሚው ላይ፣ አጠገባቸው አስቀመጠችው። አንድም ቃል ሳትናገር ተመለሰች። ጋሽ አንጁሎ ድስቱን ያዩታል። እኛ እሳቸውን እናያለን። አራታችንም ዓይናችንን ተክለን፣ ትንፋሻችንን ይዘን።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች እናቴ በቁጣ። «አራት ሰው እያፈጠጠበት ማን ይበላል? ዙሩ! ጀርባችሁን ስጧቸው!»

ዞርን። መምህርት፣ ቀያሽ፣ ሞሮኳዊትና ሸክላ ሠሪ፣ አራታችንም ፊታችንን ወደ ሳሎኑ ግድግዳ መልሰን ተቀመጥን። ሰው አላዋረደችም። ዕድሜ ልኳን በቅጠል የበላች ሴት፣ ያንኑ ገበታ የነፈጓት ሰው ሳይሸማቀቁ እንዲበሉ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እኔ እናቴን ያወቅኋት ያን ዕለት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር እንደኖርኩ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። የወፍ ድምፅ፣ የባጃጅ ድምፅ፣ ሩቅ የሚጮህ የቤተ ክርስቲያን ማጉያ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እጸልያለሁ። ከዚያ ብሩክ እጄን ያዘኝ።

ዳቦ ሸክላ ሲጠርግ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ኸርርር ይላል። አንዴ ተሰማ። ቆመ። ከዚያ ደግሞ ተሰማ። ከዚያ አልቆመም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ አንጁሎ ባዶውን ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፉ ድረስ መጡ። ለዛህራ አልሰጧትም። ለእናቴ ዘረጉላት፤ እሷም ተቀበለቻቸው። እጅ ለእጅ። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ።

እናቴ የተጠረገውን ድስት ገልበጥ አድርጋ አየችና መለሰችላቸው፦ «ጨዉ የሷ ነው ጋሼ። የኔ ድስቱ ነው።»

«ድስቱ ምንም እንከን አይወጣለትም» አሉ፤ ባጃጅ ጠርተው ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ሳይሆን ደጋ፣ እናቴ ቤት ወጡ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። የብሩክ አጎት ሠርጋችን ላይ አልተገኙም፤ አክስቱ መጥታ ውሃ ብቻ ጠጥታ ሄደች። ዛሬም አንዳንድ ቤት ስገባ ብርጭቆዬን ለብቻ ሲያስቀምጡት አያለሁ። ግን አልደበቅም። ሰባተኛ ክፍል ስለ እኩልነት ሳስተምር ጠመኔውን አስቀምጥና «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» ብዬ እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ እጇን አውጥታ «የኔም» አለች። ለዚያች ልጅ ስል ያን ቅዳሜ ደግሜ እኖረዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መሃል እናቱን አዲስ አበባ የሰደደ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የናንተው ውሸት ሌላ ይሆናል፤ የአባት ሥራ፣ የሰፈር ስም፣ የአነጋገር ዘዬ። አልፈርድባችሁም፤ በምን አፌ? አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እኔ እውነቱን ስናገር የማጣውን እየቆጠርኩ ዓመታት ስፈራ፣ በመዋሸቴ በየቀኑ የማጣውን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

መቼም ለጋሞ ሰው መስቀልን የሚያህል በዓል የለም። በተጋባን ዓመት ቤታችን ሞልቶ ነበር፤ የብሩክ ዘመዶች፣ ጎረቤት፣ ዛህራም ከነባሏ። እናቴ አዲስ ድስት እልክላችኋለሁ ብላ ቀድማ ልካ ነበር፤ በእሱ አበሰልንና መሃል አስቀመጥነው። እሷ ግን ከደጋው ስትወርድ ዝናብ ይዟት መኪናው ዘገየ። ሰዓቱ ሄደ፤ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፤ የሁሉም ሆድ ይጮሃል። ያች ሠርጋችን ላይ ውሃ ብቻ የጠጣችው አክስት ትዕግሥቷ አለቀና «እስከ መቼ ነው?» ብላ እጇን ወደ ክዳኑ ላከች።

ጋሽ አንጁሎ እጇን መንገድ ላይ ያዙት።

«ቆይ፣ አትክፈቺ» አሏት። «የድስቱ ባለቤት አልመጣችም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅናት።